ድምፅ የማይገባበት ቤት

እጅጋየሁ ቤቷ ውስጥ መናገር ካቆመች ሰነበተች። የሰፈሩ ሰርቨር የየቤቱን ድምፅ ሁሉ ይመዘግባል፤ የአንድ ቤት ድርሻ ሲሞላ ደግሞ ለአዲሱ ቦታ ለማስለቀቅ ከዚያው ቤት አሮጌ ድምፅ ጀምሮ ያጠፋል። በእሷ ቤት ከሁሉ አሮጌው የሟች ባሏ የሽብሩ ሳቅ ነው። ስለዚህ ሰላም ሊላት የመጣውን ሁሉ እጁን ይዛ ደጅ ታወጣዋለች፤ ጎረቤቱም «ለየላት» ይላል።

ዛሬ ልጇ ፍሬሕይወት የሚያለቅስ ጨቅላዋን ታቅፋ በዝናብ መጣችና ደጃፉ ላይ ቆመች።

«እማዬ፣ ዝም እስኪል እዚሁ ልቁም። የአባዬ ሳቅ ይጠፋብሻል።»

እጅጋየሁ የሕፃኑን የረጠበ መጠቅለያ አየች።

«አንቺ፣ አራስ ሆነሽ ዝናብ ላይ ትቆሚያለሽ? ግቢ ብዬሻለሁ!» ብላ ከቤት ውስጥ ጮኸች።

ሕፃኑን ተቀብላ ደረቷ ላይ አስጠጋችው። «አልቅስ የኔ ጌታ፣ እንደ ልብህ አልቅስ» አለችው።

እሷም አለቀሰች፤ ድምፅ እንዳይወጣት ግን ነጠላዋን ነክሳ።