ጎን ለጎን

የእንጅባራው ፎቶ አንሺ ይኸነው የኮምፒውተሩ የራሱ ፋይል መክፈቻ ስታክ እያደረገ አስመርሮት፣ ሁለት ፎልደር ጎን ለጎን የሚያሳይ ሌላ ፋይል ማኔጀር ከኢንተርኔት ፈልጎ ጫነ። የወር ሙሽራዋ ዮዲት ፎቶዋን ልትመርጥ አጠገቡ ተቀምጣለች። በቀኝ በኩል የእሷ ሠርግ ተከፈተ። በግራ በኩል ደግሞ ጫግኒ ያለ ፎቶ አንሺ ጓደኛው እንዲያጥብለት የላከው የባለፈው እሑድ ሠርግ፣ በደቃቅ ፎቶ ተደረደረ።

ዮዲት በግራ በኩል ያለውን ሙሽራ በስክሪኑ ላይ በጣቷ ነክታ ሳቀች። "ውይ፣ የእኛው ሱፍ! ይቺ የኪራይ ሱፍ ስንቱን ዳረች?"

ይኸነው አልሳቀም። የግራውን ቶሎ ልዝጋ ሲል እጁ ስቶ አንዱን ፎቶ አጎላው። ሥራ አለብኝ ብሎ ጫግኒ የሰነበተው ባሏ፣ ሌላ ሙሽራ አቅፎ ስክሪኑን ሞላው።

የዮዲት ጣት ካረፈበት አልተነሳም።

"ሱፉን መልሼዋለሁ ብሎኝ ነበር እኮ" አለች።