የጉሎው ናፍጣ

«ጉሎ የሆድ ድርቀት መድኃኒት ነው እንጂ የመኪና ቀለብ አይደለም አልኩህ» አለ ሽማግሌው መካኒክ።

«ጋሼ፣ እርስዎ አልጠጡት፤ የጠጣው መኪናው ነው» ብሎ ሾፌሩ ሳቀ። ነዳጁን ከጉሎ ፍሬ ያዘጋጀችው የኬሚስትሪ መምህርት ሀፊዛ፣ «ከአምስት እጅ አንዱ ብቻ ነው የጉሎው፤ ቀሪው የለመዱት ናፍጣ ነው» አለች በትሕትና።

ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ይህ መኪና ከደብረ ሲና የጣርማ በርን አቀበት ሊወጣ ሲል፣ መካኒኩ የጭስ ማውጫው አፍ ላይ ነጭ ጨርቅ ይይዛል፤ ጥላሸቱን አይቶ «ሂድ» ሳይለው ሾፌሩ ማርሽ አያስገባም ነበር። ዛሬም ያዘ። ጨርቁ ላይ ያረፈው ጥላሸት የወትሮውን ግማሽ አይሞላም። ሾፌሩ ጨርቁን ከእጁ ወስዶ ለመምህርቷ አሳያት። «ጉልበቱስ?» ብሎ የጠየቀውም እሷን ነው።

«ትንሽ ይቀንሳል፤ ግን ይወጣል።»

«እንግዲያው ግቢና አብረን እንየው።»

መካኒኩ የካፖርቱን ኪስ ዳበሰ። ጠዋት የናፍጣ ማጣሪያውን ሲፈታ፣ አዲሱ ነዳጅ የመኪናውን አሮጌ የነዳጅ ታንከር ዝቃጭ አጥቦ ማጣሪያውን ደፍኖት አገኘ። ለማንም ሳይናገር የቆሸሸውን መልሶ አሰረው፤ አዲሱን ማጣሪያ ኪሱ ከተተ። መኪናው ነዳጅ አጥሮት አቀበቱ ላይ ሲቆም ሾፌሩ እንደ ድሮው እሱን ይጠራል ብሎ ነበር። አሁን ሁለቱ ጋቢና ውስጥ ሲሳሳቁ አየ። «ሂድ» ሊል አፉን ሲከፍት መኪናው ተነሥቷል።

መፍቻውን ከመሬት አነሣ፤ ከሦስተኛው ኩርባ እንደማያልፍ የሚያውቀውን መኪና ተከትሎ አቀበቱን በእግሩ ጀመረ። ከጋራዡ ውስጥ የት ትሄዳለህ ያለው አልነበረም።