ለሌላ የተሰጠ ተራ

ይርገዱ ልጅ ሳለች፣ ከአእምሮ ሆስፒታል ስለ ወጣው አጎቷ ትልልቆቹ ከመጋረጃ ጀርባ ሲያወሩ ሰምታ ነበር። «አልጋውን አታንጥፉለት፣ መመለሱ አይቀርም» ያለው ማን እንደ ሆነ ግን አታስታውስም።

ዛሬ እንዲህ የሚል ሰው አያስፈልግም። ከአእምሮ ሆስፒታል የወጣ ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ፣ ልጁ ተመልሶ የመግባት ዕድሉ ተሰልቶ በየጠዋቱ በስልክ መልእክት ይነገረዋል። የአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጇ ፌቨን ሰባ አንድ ከመቶ ነበረች።

«እማዬ» አለች ሽንኩርት እየላጠች፣ «የዚህ ወር የሚካኤል ማኅበር ተራው የእኛ አልነበር?»

«ለእትዬ ዘርፌ ሰጠሁት። ደክሞኝ ነው።»

«ደክሞሽ ነው ወይስ ሰባ አንድ ሆኜብሽ?»

ይርገዱ ዐይኗን ድስቱ ላይ ተከለች። ልጄን ካወጣህልኝ ከእሷ ጋር ሆኜ እዘክርሃለሁ ብላ ሚካኤልን የለመነችው እሷ ናት። ልጅቷ ወጥታላት ሳለ ያመነችው ግን ስልኩን ነው።

«ሰው ፊት እንዳላዋርድሽ ፈርተሽ ነው አይደል?»

«አዎ» አለች ይርገዱ፣ ድምፅዋ በቅጡ ሳይሰማ።

ፌቨን እጇን አበሰች። «በይ ደውዪና ተራችንን አስመልሺ። ዳቦውን እኔ አዞራለሁ። ካመመኝም ይመመኝ፤ የማያውቁኝ መሰለሽ?»

ይርገዱ ስልኩን አነሳች፤ የጠዋቱን ቁጥር ዳግም ሳታይ ደወለች።

«እትዬ ዘርፌ፣ ተራዬን ይመልሱልኝ» አለች። «የምታስተናግደው ፌቨን ናት።»