የለበሱት አይመዘንም

የሆሳዕናው ቅቤ ነጋዴ ሻንጣውን ሚዛኑ ላይ አስቀምጦ ራሱን ነቀነቀ። “አባባ፣ አሁንም ከሰባት ኪሎ ያልፋል። የርካሽ ትኬት ጉዱ የሚወጣው ኤርፖርት ላይ ነው፤ ለትርፉ ሌላ ያስከፍሏችኋል።”

አቶ ዕንባቆም ለልጅ ልጆቻቸው ያሰሩትን ቅቤ አወጡ። አልበቃም። የቀረው ጋቢው ነበር። ጆሃንስበርግ የሞተውን የልጃቸውን አስከሬን ማምጣት ስላቃታቸው፣ እናቱ በፈተለችው ጋቢ ተገንዞ እንዲቀበር እህቱን ጵርስቅላን መላካቸው ነው።

“እሱንማ ትልበሰው፤ የለበሱትን ማንም አይመዝንም” አለ ነጋዴው፣ የምን ጋቢ እንደሆነ ሳያውቅ።

ጵርስቅላ አባቷን አየች። “አባ፣ የሱን?”

አቶ ዕንባቆም ጋቢውን ዘረጉና፣ ለልጃቸው በእጃቸው ሊያደርጉለት ያልቻሉትን፣ ቀስ ብለው እሷን አለበሷት።