ጭረት የሌለው መስታወት

ታክ ሚራን የምትሠራው ዱቄት ሴሪየም ኦክሳይድ ይባላል። አንዱ ቅንጣት ከጠጉር ዘለላ ውፍረት ሺህ ጊዜ ያንሳል፤ ሥራው መስታወት ማለስለስ ነው። የምትሠራበት የኮሪያዋ ቾንግጁ ከተማ ቤተ ሙከራ ኃላፊ ቦንግ ደግሞ ለዓይን የማይታየውንም አያለሁ ባይ ነበሩ።

ከመኸሩ በዓል ከቹሶክ ወዲህ መስታወቱ ሁሉ ይጫር ጀመር።

ሚራን የሴሪየሙን ጨው አሟሟች፣ አዘቀጠች፣ አጠበች፣ በምድጃ አቃጠለች። ቅንጣቶቹ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታዩ ክብና እኩል ናቸው። በኤክስሬይም ንጹሕ ናቸው። መስታወቱ ላይ ግን ጭረት አለ።

«ዱቄት ነው ጠጠር የምትፈጪው?» አሉ ቦንግ።

«ይቅርታ አለቃ፣ እንደገና እሠራዋለሁ።»

ቦንግ ጥንቁቅ ናቸው። በዱቄቱ ለስልሶ ከማሽኑ የወጣ መስታወት በእሳቸው እጅ ሳያልፍ አይመረመርም። የመነጽር መወልወያቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ጠረግ ጠረግ ያደርጉታል፤ ከዚያ ለመርማሪዎቹ ይሰጣሉ። አለቃን «ይተዉ» የሚል ሰው በዚያ ቤት ገና አልተቀጠረም።

ውሃው ተቀየረ፣ ማጣሪያው ተቀየረ፣ ጓንቱ ተቀየረ። ያልተቀየረችው ሚራን ብቻ ስለሆነች፣ ጥፋቱ የእሷ መሆኑ በሳይንስ ተረጋገጠ።

ምሳ ላይ ባልደረባዋ ሱክጃ የኪምቺውን ጎመን ወደ እሷ እያስጠጋች፣ «አንቺዬ፣ ለምን ጥለሽላቸው አትሄጂም?» አለቻት።

«ውሉን ረሳሽው? በፈቃዱ የለቀቀ ሁለት ዓመት ሙሉ በእንዲህ ያለ ሥራ የትም አይቀጠርም።»

«ካባረሩሽስ?»

«ያኔማ እገዳው የለም። ግን ውርደቱስ?» ዓይኗ እንባ አቀረረ።

በሳምንቱ ትልቁ ደንበኛ መጣ። ቦንግ መስታወቱን ከወትሮው አብልጠው ወለወሉለት። ደንበኛው አንድ ጊዜ አየና ኮቱን ለበሰ።

«እጅሽ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም» አሉ ቦንግ ፊታቸው በርበሬ መስሎ። «ዕቃሽን ሰብስቢና ውጪ!»

ሚራን እስከ ወገቧ ጎንበስ ብላ ሦስት ጊዜ እጅ ነሣች። ሱክጃ አለቀሰች። ቦንግም ሰው ናቸውና አዘኑ፤ የዚያን ቀን ሩዛቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ።

ሰኞ ጠዋት ሚራን ከመንገዱ ማዶ ባለው ተቀናቃኝ ድርጅት የቤተ ሙከራ ኃላፊ ሆነች። ዱቄቱ ያው ዱቄት ነው፤ መስታወቱ ላይ ግን አንድም ጭረት አልተገኘም።

የቦንግን የመነጽር መወልወያ ለቹሶክ በዓል በእጇ ሰፍታ፣ ሻካራ ዱቄት አሽታበት፣ በአክብሮት በሁለት እጇ ያበረከተችላቸው እሷው ነበረች።