ሻምበል የጠፋበት ጠዋት

አዛውንቱ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ የሚያነጋግሩት ሰው አጥተው ነበር። ከውሾች መጠለያ ሻምበል የሚባለውን ባለሦስት እግር ውሻ መረጡ።

«ጆሮውም አይሰማም እኮ፣ አባባ» አለቻቸው ሠራተኛዋ።

«ይሻላል፤ ወሬዬን አያቋርጠኝም።»

ሁለት ቀን ሙሉ አወሩለት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሻምበል ከአጥሩ ሥር ምሶ ጠፋ። ሰፈሩን ሁሉ አስሰው፣ እያለከለኩ መጠለያው ደጃፍ ሲደርሱ ውሻው ተጋድሞ አጥንት ይግጣል። አጠገቡ አግዳሚ ወንበር ላይ አራት የማያውቋቸው ሰዎች ሻይ እየጠጡ ይሳሳቃሉ።

«ውሻዬን ማነው ያመጣው?» ብለው ጮኹ።

አንዲት አሮጊት ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው።

«ራሱ ነው የመጣው። እኛም በየተራ ወስደነው፣ ሁለት ሁለት ቀን ቆይቶ ጠፋብን። ይቀመጡ ወንድሜ፤ ስኳር ስንት ላድርግልዎ?»