ፊደሎቹ አብረው አልመጡም

«ይሄ የእሱ አይደለም» ትላለች፣ ከማሽኑ የወጣውን ወረቀት በሁለት እጇ ይዛ።

አታሚው ከኮምፒውተሩ ቀና ይላል። የባሏ ፎቶ በቦታው አለ። ስሙ አለ፣ የተወለደበትና ያረፈበት ቀን አለ። ከሥሩ እሷ ራሷ እያለቀሰች የጻፈችው መታሰቢያ አንድ ቃል ሳይጎድልበት አለ። ፊደሉ ግን የማንም ፊደል ነው። የሊፍት በር ላይ፣ የመድኃኒት ካርቶን ላይ፣ የትም የሚታየው።

«ቤት በእሱ ፊደል ነው የጻፍኩት። በዓይኔ እያየሁ ነው ፒዲኤፍ ያደረግኩት።»

አታሚው ፋይሉን እንደገና ከፍቶ ያየዋል። «እህቴ፣ ፋይሉ የፊደሉን ስም እንጂ ፊደሉን ይዞ አልመጣም። ስታስቀምጪው ፎንቱን አብሮ እንዲያካትት ካላደረግሽ እዚያው ኮምፒውተርሽ ላይ ይቀራል። የእኔው ደግሞ ስሙን አይቶ ፈለገ፣ ሲያጣው በራሱ ፊደል ተካው።»

«የፋይሉ መጠን እንዲያንስ የሚለውን ነክቻለሁ።»

«እሱ ይሆናል። አይክበድሽ፤ ፊደሉን ከኮምፒውተሩ ገልብጣችሁ አምጡልኝ፣ ወዲያው አስተካክለዋለሁ።»

ትንፋሿ መለስ ይላል። ወደ ዋርሳዋ ትዞራለች። የባሏ ታናሽ ወንድም በሩን ተደግፎ ቆሟል፤ እሷ ጽፋ ከጨረሰች በኋላ ኮምፒውተሩን የወሰደው እሱ ነው።

ባሏ ታፔላ ጸሐፊ ነበር። ዕድሜውን መሰላል ላይ ነው የጨረሰው፤ የሰፈሩ ግማሽ ሱቅ በእሱ ብሩሽ ነው ስም ያወጣው። ሕመሙ እጁን ማንቀጥቀጥ ሲጀምር ብሩሹን ሰቀለና ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየሣለ ኮምፒውተር ውስጥ ማስገባት ያዘ፤ ቀኙ እምቢ ሲለው በግራው ደግፎ። «የኛ ፊደል እኮ አይጣል ነው» ይላት ነበር፣ «ሁሉም ሰባት ሰባት ወልዶ፣ አሳዳጊው እኔ ብቻ።»

«ኮምፒውተሩን…» ይላል ዋርሳዋ። «ሐሙስ ዕለት አጸዳሁት።»

«አጸዳሁት ማለት?»

«ፎርማት አስደረግኩት። ይንቀራፈፍ ነበር፤ ለተማሪዎችሽ ፈተና ስታወጪ እንዳያስቸግርሽ ብዬ ነው። ፎቶዎቹን ገልብጫለሁ እታለም፣ አንድ አልቀረም። ጽሑፎቹንም ገልብጫለሁ። ፕሮግራሙ እንደገና ይጫናል አልኩ። ፊደል ይጠፋል ብዬ… ፊደል እንዴት ይጠፋል?»

አታሚው ዓይኑን ከሁለቱም ላይ አንሥቶ ኪቦርዱ ላይ ያሳርፋል። «ፊደሉን ለሌላ ሰው ልኮት አያውቅም?»

«ሳይጨርስ ለማንም አያሳይም ነበር።» ትንሽ ታስባለች። «ለእኔ ግን አንድ ነገር ልኮልኛል።»

ስልኳን አውጥታ ወደ ላይ ወደ ላይ ትስባለች። ከሆስፒታሉ ቀጠሮዎች በላይ፣ ከሐዘን መግለጫዎቹ ሁሉ በላይ፣ አንዲት ትንሽ ፋይል። ለአታሚው ትልክለታለች። እስክሪኑ ላይ ሰፍቶ ይከፈታል፦

ሆዴ፣ ጨረስኩ። ምሳ ፍሪጅ ውስጥ አለ። ቶሎ ነዪ።

የእሱ ነው። «ለ» እንደሚራመድ ሰው እግሩን ከፈት አድርጎ፣ «ሆ» አንድ ትከሻውን ጣል አድርጎ።

ያን ቀን መምህራን ክፍል ውስጥ በሁለት ክፍለ ጊዜ መሃል ነበር ያነበበችው። ለምን እንደ ሌላው ጊዜ ዝም ብሎ አልጻፈልኝም አላለችም። ፊደሉንም አላየችም። «ምኑን ጨረስክ?» ብላ መለሰችለትና ወደ ክፍል ገባች። ማታ ስትደርስ ተኝቶ ነበር። ጠዋት ሆስፒታል ገቡ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ፊደል ያወራ የለም።

«ይሄኛው ፊደሉን ይዟል!» ይላል አታሚው። ፊቱ ገና ከመብራቱ መልሶ ይጠፋል። «ግን… የተጻፉትን ብቻ ነው። ያልተጻፈ ፊደል አብሮ አይመጣም።»

ትጠጋለች። ጣቷን እስክሪኑ ላይ አድርጋ የባሏን ስም ትፈልጋለች። የመጀመሪያዋን ፊደል ታገኛለች። ሌሎቹን ታጣለች። እንደገና ከ«ሆዴ» ትጀምራለች።

«ከሌላ ፊደል ጋር ማቀላቀል ይቻላል» ይላል አታሚው ቀስ ብሎ። «ያምራል ግን አልልሽም።»

«አይሆንም። እሱ የተቀላቀለ ታፔላ ሲያይ መንገድ ይቀይር ነበር።»

ዋርሳዋ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ ብሏል። «ወንድሜን ሁለቴ ቀበርኩት» ይላል፣ ለማንም ሳይሆን።

ሄዳ አጠገቡ ትቆማለች። ልትቆጣው ትፈልጋለች፤ አፏ ላይ የደረሰ ቃል አለ። አንገቱን ደፍቶ ሲያለቅስ ግን ማጅራቱ ቁርጥ የባሏን ማጅራት ነው።

«አንተ ኮምፒውተር ነው ያጸዳኸው» ትለዋለች። «ተነሥ በል። ሰዉ ነገ ለመታሰቢያው ይመጣል።»

ወደ አታሚው ትመለሳለች። «በዚሁ በአንተው ፊደል አትመው።»

«ይቺንስ መልእክት አንድ ላውጣልሽ?»

«ተዋት። ስልኬ ላይ ትሁን።»

ማሽኑ ይነሣል። ወረቀቶቹ እየተከታተሉ ይወጣሉ፣ እያንዳንዱ ላይ የባሏ ስም በባዕድ ፊደል። ዋርሳዋ ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ ይነሣና ማሽኑ አፍ ላይ ይቆማል፤ እሷ እንዳታያቸው፣ ገና እንደሞቁ አንድ በአንድ እየተቀበለ ፊታቸውን ወደ ታች ይገለብጣል።